ጣርማ በር ላይ ማደር

«በሐምሌ ጣርማ በርን መሻገር? እብደት ነው!» ይሉን ነበር የአራዳ ወዳጆቻችን። እኛ ግን በ2009 ዓ.ም. ክረምት ከአንድ ባልንጀራችን ጋር፥ ፍራሽ በተነጠፈባት ሚኒባስ፥ ከፒያሳ ከቀትር በኋላ ተነሣን። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርድ እንጂ ጭንቅ የለበትም። በጠላት ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተፈለፈለው ዋሻ ሲቀርብ ግን ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ባልንጀራችን «ቀስ እያልን ቁልቁለቱን እንውረድ፤ ሰው ፈሪ ይለናል» አለ። እንቢ አልን፤ ተኳረፍን። ከመንገዱ ወጣ ብለን አደርን። በዚያ ጉም አንዱ መኪና ሌላውን ሲቀድም በጆሯችን ሰማን፤ በዓይንማ ምን ይታያል! ለመሆኑ ችኮላው ለምንድን ነው? በኛ አስተያየት በጉም ጊዜ የሚቆም ሾፌር ሊመሰገን እንጂ ሊታማ አይገባውም። ረፋዱ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ባልንጀራችን ገደሉን አይቶ ዝም አለ። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎውን የገዛው እሱ ነው።