ጉና ላይ ጨው አይበተንም፤ አፈሩ ግን እየሄደ ነው

ሚኒሶታና ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶቻችን በታኅሣሥና በጥር የሚለቁትን ቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል፤ መኪና አስፋልት ላይ ጨው እየበተነ ሲሄድ። ጨው ያለበት ውሃ ቶሎ ስለማይረጋ መንገዱ አያንሸራትትም። ግን ጨው የትም አይጠፋም። ሶዲየሙ መንገድ ዳር ያለው አፈር ውስጥ ገብቶ የካልሲየምን ቦታ ይይዛል፤ አፈሩ ይጠጥራል፣ ውሃ አላሰርግም ይላል። የሚኒሶታ የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ያህል ውሃ ይበክላል ይላል።

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ውርጩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጨው የሚበትን ግን የለም፣ እግዜር ይመስገን። የእኛ መንገድ አፈሩን የሚጎዳው በውሃ ነው።

ከደብረ ታቦር በክምር ድንጋይ አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደውን መንገድ አስቡት። ተዳፋቱ ላይ ተበትኖ ይወርድ የነበረ ጎርፍ፣ መንገድ ሲቆርጠው ቦይ ውስጥ ተጠራቅሞ በአንድ ቱቦ ይወጣል። ከቱቦው በታች ደግሞ የሰው ማሳ አለ። መጀመሪያ ትንሽ ፈለግ ይከፈታል፤ ውሎ አድሮ በሬ የማይሻገረው ቦረቦር ይሆናል። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በትግራይ የመቀሌ–ዓድዋ መንገድ ከተሠራ በኋላ ከቱቦዎቹ በታች አዳዲስ ቦረቦሮች መከፈታቸውን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። የጉና አፈርም ከታጠበ በጉማራና በርብ አድርጎ ወደ ጣና ነው የሚወርደው።

መንገድ ይቅር እያልኩ አይደለም፤ ድንቹም ገብሱም ገበያ የሚደርሰው በእሱ ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ገበሬው በጥርና በየካቲት በነጻ ጉልበቱ እርከን ይሠራል፣ በሐምሌ አንድ ቱቦ ያፈርስበታል። የመንገዱ ሒሳብ ቦዩ ጠርዝ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዳት የገበሬው ዕዳ ነው። የቱቦው አፍ ላይ ድንጋይ መደርደር፣ ዝቅ ብሎ ክትር መሥራት፣ ውሃውን በብዙ ቱቦ ማከፋፈል ከመንገዱ ውል ጋር አብሮ መጻፍ አለበት። የመንገድ ጎርፍን ወደ ኩሬና ወደ ማሳ መምራት እዚሁ አገራችን ተሞክሯል፤ ብርቅ ነገር አይደለም።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለው ስልክ ይሥራ። ሰፈራችሁ ያለውን አንድ ቱቦ ምረጡ፤ በሰኔ መጀመሪያ አንድ ፎቶ፣ በመስከረም ከዚያው ቦታ ቆማችሁ ሌላ ፎቶ። ሰው አጠገቡ ይቁም፣ ጥልቀቱ እንዲታይ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ወረዳ ውሰዱት፤ «አጥንተን እናሳውቃለን» ካሏችሁ ጥናቱ ይኸው በሏቸው።