ሥዕሉን እያዩ ማውራት፦ በሕፃናት የቃላት ዕውቀትና በሥዕላዊ መጻሕፍት ላይ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ከአዘዞ እስከ ዳባትና ደባርቅ ድረስ፣ በአጸደ ሕፃናት፣ በኦ ክፍልና በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች የምናስተምር የመምህራን ማኅበር አባላት በጠቅላላ ጉባኤያችን ተወያይተን ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል።

አቋማችን ይህ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ በየቀኑ ከአዋቂ ጎን ተቀምጦ ሥዕላዊ መጽሐፍ ማየትና ስላየው ነገር ማውራት አለበት። ይህ ጊዜ ሲተርፍ የሚሠራ ጨዋታ ተደርጎ መታየቱ ቀርቶ ከፊደል ቆጠራ እኩል ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም ለዚህ ሥራ ብቁ ነው።

የመጨረሻውን ነጥብ አጥብቀን የምንናገረው በወላጆች ስብሰባ «እኛ ማንበብ አንችል፣ ምን እናግዛችኋለን?» የሚለውን ቃል ደጋግመን ስለምንሰማ ነው። ከአባሎቻችን አንዷ በደባርቅ ዙሪያ ወደሚገኝ አንድ ቤት ጥጥ የምትፈትል ሴት የተሣለችበት መጽሐፍ ይዛ ሄደች። «ምን እየሠራች ነው?» ብላ ሕፃኗን ስትጠይቃት ልጅቷ «ክር» አለችና ዝም አለች። አያቷ ከምድጃው ጥግ ተነሥተው መጡ። ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው፣ ይህ እንዝርት ነው፣ ይቺ ባዘቶ ናት፣ ይህ ደግሞ ልቃቂት፤ ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል፣ ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፣ ከዚያ ነው የሚፈተለው እያሉ ብዙ አወሩ። መምህርቷ ራሷ ከእነዚህ ቃላት ግማሹን በቅጡ አታውቃቸውም ነበር። በሳምንቱ ልጅቷ ክፍል ውስጥ የተጠቀለለ ሲባጎ አይታ «ልቃቂት!» ብላ ጮኸች። ሲባጎ ልቃቂት አይደለም ብሎ ማረም ይቻላል። እኛ ግን ያየነው አንድ ቃል ከአያት አፍ ወጥቶ በልጅ አፍ መግባቱን ነው። እኚያ አያት ከመጽሐፉ አንዲት ፊደል አላነበቡም።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ልምምድ ይጠይቃል። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ መዝጋት አይበቃም። ልጁን መጠየቅ፣ የሚመልሰውን መጠበቅ፣ በመለሰው ላይ ጨምሮ መልሶ መስጠት ያስፈልጋል። ልጁ «ውሻ» ካለ አዋቂው «አዎ፣ ጥቁር ውሻ ነው፤ ደጃፉ ላይ ተጋድሟል» ይላል። በነጋታው ያው መጽሐፍ ይገለጣል፤ በሦስተኛው ቀን «ተጋድሟል» የሚለው ልጁ ራሱ ይሆናል። አንድን መጽሐፍ መደጋገም ልጅን አያሰለችም፤ የሚሰለቸው አዋቂው ነው። ሥዕል ሲባልም የዕቃ ስም ማስጠኛ ብቻ አይደለም። ቋንቋችን አንድን ሸክም እንኳ በስንት ግስ እንደሚለየው እናስብ፦ እናት ልጇን በጀርባዋ ታዝላለች፣ በደረቷ ትታቀፋለች፤ ገበሬው ሞፈሩን ይሸከማል፣ በአህያው ላይ ገብሱን ይጭናል፤ ልጁ ዶሮዋን በእግሯ ያንጠለጥላል። እነዚህን ሁሉ «ያዘ» እያለ የሚያልፍ ልጅ ብዙ አለን። አንድ የገበያ ሥዕል ፊቱ ተዘርግቶ «ይቺስ ምን አድርጋ ነው የምትሄደው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን እያንዳንዱ ግስ ከምስሉ ጋር ይያዝለታል።

የቃላት እጥረት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያስከትል በየቀኑ እናያለን። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ ፊደል የማስለየቱ ሥራ ብዙ ትኩረት አግኝቷል፤ ደግም ሆኗል። ነገር ግን «ው-ር-ጭ» ብሎ አገጣጥሞ ያነበበ ልጅ ውርጭ ምን እንደሆነ ካላወቀ ያነበበው ድምፅ ብቻ ነው። የደባርቅ ልጅ ውርጭን በእግሩ ያውቀዋል፤ ታንኳን ግን አያውቅም። የጎርጎራ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ያላዩትን አገር ለሁለቱም የሚያሳየው መጽሐፍ ነው።

ጎንደር ለዚህ ሐሳብ እንግዳ ልትሆን አይገባም። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ንባብን ለብቻ፣ ትርጓሜን ለብቻ ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ የኖሩት ማንበብና መረዳት ሁለት ነገር መሆናቸውን ስለሚያውቁ ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት የትርጓሜ ስልቶች ስማቸው ከዚህችው ከተማ ጋር ይነሣል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳም ቢሆን ለማያነብ ሕዝብ የተዘረጋ መጽሐፍ ነው። እናት ልጇን አቅፋ ገብታ ፈረሱን፣ ጦሩን፣ ከጣሪያው ላይ ቁልቁል የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች በጣቷ ስታሳይ፣ ልጁም «እሱስ ማነው?» ሲል ሰምተናል። እኛ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ መጽሐፉ ትንሽ መሆኑና እቤት መግባቱ ብቻ ነው።

በሌላው ዓለምም ተፈትኖ ውጤቱ ታይቷል። ግሮቨር ኋይትኸርስትና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ወላጆች በማንበብ ፈንታ ልጁን እያናገሩ መጽሐፍ እንዲያዩ ሲሠለጥኑ የልጆቹ አነጋገር በአንድ ወር ውስጥ ከእኩዮቻቸው በልጦ ተገኝቷል። በ1992 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ በአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች የሕፃናት ማቆያም ተሞክሮ ሠርቷል። ለኑሯችን የሚቀርበው ግን በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የደቡብ አፍሪካው ነው። በኬፕ ታውን ዳርቻ በምትገኘው በካየሊቻ፣ ችግር በበዛበት ሰፈር፣ እናቶች ዓመት ከጥቂት ወር ከሆናቸው ሕፃናት ጋር መጽሐፍ ማየትን ለስምንት ሳምንት ተለማመዱ። ሕፃናቱ የሚረዱትም የሚናገሩትም ቃል ጨመረ፤ ትኩረታቸውም ተሻሻለ።

መጽሐፍ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የአገራችን ሰዎች መንገዱን ጀምረውታል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሰጡት የአማርኛ መጽሐፍ አጡ፤ ባለቀለም የአማርኛና እንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍን በአህያ ጋሪ ለልጆች አደረሱ። ገብስና ባቄላ ከየመንደሩ በአህያ በሚወርድበት በሰሜን ደጋ ይህ አሠራር የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

ያሉት መጻሕፍትም በአግባቡ አልተያዙም። በልገሳ የመጡ ሥዕላዊ መጻሕፍት እንዳይቀደዱ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ዓመት ሲያልፍ አይተናል። ማኅበሩ ይህን በግልጽ ይቃወማል። የተቀደደ መጽሐፍ የታየ መጽሐፍ ነው፤ ርእሰ መምህራንም ሆኑ መምህራን በተቀደደ መጽሐፍ ዕዳ ሊጠየቁ አይገባም። በይዘትም በኩል ከባሕር ማዶ የሚመጡትን አንጠላም፤ ዓለምን ያሳያሉና። ይሁን እንጂ ልጅ ንግግር የሚጀምረው ከሚያውቀው ነው፤ ጭላዳና ዋልያ፣ ባናና ጎታ፣ ሞፈርና ቀንበር፣ ፒያሳና የፋሲል ግንብ የተሣሉባቸው መጻሕፍት ያስፈልጉናል። ጽሑፍ የሌላቸው፣ ሥዕል ብቻ የሆኑም ይታተሙልን፤ ቤቱ ውስጥ ቅማንትኛ ወይም ትግርኛ የሚናገሩ አዛውንት በልባቸው ቋንቋ ያውሩባቸው። በዚያም የሚጠፋ ቃል ይተርፋል።

ስለዚህ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በኦ ክፍል ዕለታዊ መርሐ ግብር ውስጥ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ለዚህ እንዲመድቡ፣ ልጆችም በአነስተኛ ቡድን እንዲሆኑ እንጠይቃለን፤ ስልሳ ልጅ ፊት ከፍ ተደርጎ የተያዘ መጽሐፍ ከኋላ ላለው ልጅ አይታይም። የጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩ መምህራንን በተግባር እንዲያለማምድልን፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከሠዓሊዎችና ከአዛውንት ጋር የአካባቢውን መጻሕፍት በማዘጋጀት እንዲያግዘን እንሻለን። ጤና ኬላና የሰንበት ትምህርት ቤት ሳይቀሩ መጽሐፍ ማዋሻ ሊሆኑ ይችላሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ክፍሉ በተዘጋበት ቀበሌ ያለ ልጅ የሚቀረው መማሪያ የእናቱ ጉልበት ነውና፣ መጽሐፉ እዚያ ድረስ እንዲሄድለት ከማንም በፊት እንጠይቃለን።

በበኩላችን እያንዳንዱ አባል በዚህ ዓመት ከአምስት ቤተሰብ ጋር መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል። መጻሕፍቱን በየሁለት ሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት እናዛውራለን። የተቀደዱትን በሙጫና በአቡጀዲ ጠግነን እንመልሳለን።