ደመወዝን ትቶ ልጆችን ኳስ ስለ ማስተማር

ባለፈው ወር አንድ ባልና ሚስት ከጀሞ ተነሥተው ወደ ቤታችን መጥተው ነበር። ባልየው በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ኳስ ያስተምራል። አሁን ሥራውን ለቆ ይህንኑ መተዳደሪያው ሊያደርገው ቈርጧል። ሚስቱ አልተስማማችም፤ ዳሩ ግን ንግግሯ የጠብ አልነበረም። «ጋሼ፥ እኔ ኳሱን ጠልቼ አይደለም፤ የምፈራው የወሩን መጨረሻ ነው» አለች።

ቀድሞ በአገራችን እንዲህ ያለ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም ነበር። ኳስና ደመወዝ በአንድ ቤት ያድሩ ነበርና። ከክለቦቻችን ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ክለቦች ነበሩ፤ በጎፋ ሰፈር ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው መብራት ኃይል፥ ባንኩ፥ የጦር ሠራዊቱ መቻል፥ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ሁሉ እንዲህ ነበሩ። ኳሱን የሚሸከመው መሥሪያ ቤቱ እንጂ የተጫዋቹ ወይም የአሠልጣኙ ጓዳ አልነበረም። በራሱ ኪስ ኳስ ገዝቶ፥ ከጎረቤት ወርኀዊ ክፍያ ተቀብሎ ቤቱን ሊያስተዳድር የሚነሣ ሰው የመጣው በኛ ዘመን ነው።

በዚህ ጊዜ ሉቻኖ ቫሳሎን አነሣንላቸው። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አገራችን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፥ የቡድኑ አምበል እርሱ ነበረ፤ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፎ ነበር። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ይህ ሰው በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ፥ ኦስትያ በምትባለው የሮም ዳርቻ በመካኒክነት ሙያው ጋራዥ ከፍቶ ሠራ፤ በዚያውም ለልጆች የኳስ ትምህርት ቤት አቋቋመ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፈ። ያን የሚያህል ስም ይዞም ቢሆን መፍቻውን ከእጁ አላወጣም።

ባልየው ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ልናሳዝነው አልወደድንምና ወረቀት አውጥተን አብረነው መቍጠር ጀመርን። መቸም የሒሳብ ሰው ነውና ቍጥር አያስከፋውም።

በመጀመሪያ የሚቀረውን ጻፍን። ከደመወዙ ከመቶ 7 እርሱ፥ ከመቶ 11 ደግሞ አሠሪው ለጡረታ ያስገባሉ፤ ሥራውን የለቀቀ ዕለት ሁለቱም ይቆማሉ። ይህን ሚስቱም አላሰበችውም ነበር። ቀጥሎ የሚመጣውን ጻፍን። አሁን ሠላሳ ያህል ልጆች ይመጣሉ፤ ነገር ግን በትክክል የሚከፍሉት ስንት ናቸው ብንለው፥ ጥቂት ዝም ብሎ «እኩሌታው» አለ። ከማይከፍሉትም መካከል ከሁሉ የሚበልጠው ተጫዋች እናቱ ልብስ እያጠበች የምታሳድገው ልጅ እንደ ሆነ ነገረን። ያን ልጅ ከሜዳ ልታስወጣው ነውን? አልነው። «አላደርገውም» አለ። እንግዲያስ የእርሱን ድርሻ የሚከፍለው ያንተ ጓዳ ነውና በወረቀቱ ላይ ይግባ አልነው፤ ገባ።

ከዚያ ወራቱን አየን። ነገሩ የከበደን እዚህ ላይ ነው። ልጆች ከትምህርት የሚያርፉት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሜዳው ጭቃ የሚሆነውም በእነዚሁ ወራት ነው። መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ትወጣለች፤ ነገር ግን የወላጅ ገንዘብ ለመመዝገቢያ፥ ለደብተርና ለደንብ ልብስ ያልቃል። ስለዚህ ከዓመቱ ወራት ሦስቱን ያህል ያለ ገቢ ልናስባቸው ተገደድን። ባዶው ቦታም የእርሱ አይደለም፤ ሕንፃ ሊሠራበት የተወሰነ ዕለት አጥሩ ይታጠራል።

ወጪው ግን ብዙ አይደለም። ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች ቍጥር 4 የሚባለው ኳስ ይበቃል፤ የዐዋቂውን ቍጥር 5 መግዛት ገንዘብ ማባከንና የሕፃን እግር ማድከም ነው። ይልቁንስ ሊቈጥብበት የማይገባው ትምህርቱ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአሠልጣኝነት ፈቃድ ከ«ዲ» ተነሥቶ ወደ «ሲ»፥ «ቢ» እና «ኤ» ይወጣል። የሰው ልጅ በአደራ የሚቀበል ሰው ቢያንስ የመጀመሪያውን ሊይዝ ይገባዋል፤ ይህንም ደመወዙን ሳይለቅ ሊማረው ይችላል።

ወረቀቱ ሲጐድልበት ባልየው የልቡን አወጣ። «አንድ ልጅ ውጭ አገር ቢሸጥልኝ ሁሉንም ይከፍለዋል» አለ። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ከሚሠራ የመልእክት ጣቢያ ነው ይባላል፤ እንዲህ ያለው ወሬም በክፍለ ከተማችን ያለ ሽቦ ይሄዳል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ፥ ከጥቂት ልዩ ምክንያቶች በቀር፥ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ለልጁ አሳዳጊዎች የሚታሰበው የሥልጠና ካሳም ከ12ኛ ዓመቱ ጀምሮ ላሠለጠኑት፥ በፌዴሬሽን ለተመዘገቡ ክለቦች ነው እንጂ በሰፈር ሜዳ ለሚያስተምር ግለሰብ አይደለም። ሕፃን ልጅህን አውሮፓ አደርስልሃለሁ ብሎ ከወላጅ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ፥ ወላጆች ሆይ፥ በሩን ዝጉበት። አሠልጣኙም በዚህ ተስፋ ሥራውን ከለቀቀ፥ ውሎ አድሮ በልጆቹ ላይ ዐይኑ እንደ ነጋዴ ዐይን መሆኑ አይቀርም።

ሚስቱ አንድ ጥያቄ ነበራት። እሑድ ማለዳ ልጆቹን ከጠራ ቅዳሴው እንዴት ይሆናል? የእርሷም ሁለት ልጆች ከሚጫወቱት ውስጥ ናቸው። በዚህ ላይ ክርክር አላስፈለገም፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ከሰዓት በኋላ ይሁን ተባለ።

በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ። እስከሚመጣው ጥር ድረስ ሥራውን አይለቅም፤ ቅዳሜና እሑድ ያስተምራል፤ የሐምሌንና የነሐሴን ጭቃ፥ የመስከረምንም ወጪ ያየዋል። ጥር ሲደርስ የሚከፍሉት ልጆች የቤቱን ኪራይና አስቤዛ የሚችሉ ከሆነ፥ በአዋጁ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለድርጅቱ ሰጥቶ ይወጣል፤ እርሷም አትከለክለውም። ካልሆነ ቅዳሜው ይቀጥላል።

ሊሄዱ ሲነሡ «የክፍያውን ደብተር የምይዘው እኔ ነኝ» አለች። ባልየው የሒሳብ ሠራተኛ ነውና ከት ብሎ ሣቀ። እርሷ ግን አልሣቀችም፤ ወረቀቱን አጥፋ በቦርሳዋ ከተተችው።