ለሠራተኛ የሚደረግ የግብር ቅናሽና የባልና የሚስት ምክር

መንግሥት ድኃን የሚረዳበት መንገድ ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን ርዳታው ሰውን ሥራ እንዳያስተወው አስቀድሞ መመርመር የሕግ አውጪ ሁሉ ተግባር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ይህን አስቦ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. አንድ ሕግ አወጣ። ይኸውም ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሠራተኛ፥ ይልቁንም ልጆች ለሚያሳድግ፥ ከግብሩ እንዲቀነስለት፥ ቅናሹም ከግብሩ የበለጠ እንደ ሆነ ትርፉ በገንዘብ እንዲሰጠው ነው።

አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው። ሁለት ልጆች ያሉት ሰው በመጀመሪያው ደረጃ ሠርቶ ባገኘው በየመቶው ዶላር ላይ 40 ይጨመርለታል፤ በሁለተኛው ቅናሹ ባለበት ይቆማል፤ በሦስተኛው ግን ገቢው መቶ ዶላር ባደገ ቍጥር ከቅናሹ 21 ዶላር ያህል ይጎድልበታል።

ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ሥራ ስትጀምር የምትቆመው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነውና፥ ሕጉ ወደ ሥራ ይጠራታል። ናዳ ኢሳና ጄፍሪ ሊብማን በ1996 ባሳተሙት ጥናት፥ ሕጉ በ1986 ከተሻሻለ በኋላ ከመቶው እንደነዚህ ካሉት እናቶች እስከ 2.8 የሚደርሱት በተጨማሪ ወደ ሥራ መግባታቸውን ገልጠዋል።

በባልና በሚስት ቤት ግን ነገሩ ይለወጣል። ቅናሹ የሚሰላው በሁለቱ ገቢ ድምር ስለ ሆነ፥ የባል ደመወዝ ቤቱን ከሦስተኛው ደረጃ ካደረሰው፥ ሚስት ከምታገኘው ከመጀመሪያው መቶ ዶላር ጀምሮ 21 ዶላር ከቅናሹ ይጎድላል፤ ለጡረታና ለሕክምና መዋጮ 7.65 ይቈረጣል፤ ከቀረውም የልጅ ጠባቂና የመጓጓዣ ዋጋ ይወጣል። እንግዲህ ተማክረው ሚስት የሥራ ሰዓቷን እንድትቀንስ ወይም ሥራውን እንድትተው ቢወስኑ፥ የሒሳብ እንጂ የስንፍና ነገር አይደለም። ናዳ ኢሳና ሂላሪ ሆይንስም በ2004 ባወጡት ጥናት፥ ከ1984 እስከ 1996 ቅናሹ እየሰፋ በመሄዱ የባሎች ሥራ በጥቂቱ ሲጨምር፥ ከመቶው ሚስቶች ግን ከአንድ የሚበልጡት ከሥራ መውጣታቸውን አሳይተዋል።

እናት ከልጆቿ ጋራ መዋሏ መልካም ነው የሚል ይኖራል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ባል የታመመ ወይም ሥራው የቀረበት ቀን፥ ለብዙ ዘመን ከሥራ ርቃ የኖረች ሚስት በቀድሞው ደመወዟ ለመመለስ ትቸገራለች። ስለዚህ ምርጫው የባልና የሚስት ይሁን እንጂ የግብር ሠንጠረዥ ሊመርጥላቸው አይገባም።

በአገራችን የደመወዝ ግብር ከየሠራተኛው ለየብቻው ስለሚቈረጥ፥ የባል ገቢ የሚስትን ግብር አያከብድም። ወደ ፊት በቤተ ሰብ ገቢ የሚለካ ርዳታ ለማቋቋም የሚያስቡ ሹማምንት ቢኖሩ፥ ይህን መልካም ነገር ሳያውቁት እንዳያፈርሱት፥ ሁለተኛው ሠራተኛ ካገኘው ከመቶ ብር ስንቱን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚገባ አስቀድመው ይቍጠሩ።