ፈንግል አጥር አያግደውም



ስለ ውኃና ስለ መንገድ ስንሰበሰብ ሁላችንም እንናገራለን። ስለ ዶሮ የሚያነሳ ሰው ግን ይሳቅበታል። እኛ ነገሩ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም።

እስቲ እናስበው። ጨውና ሳሙናው፣ የልጅ ደብተሩ፣ የወፍጮ ቤት ሒሳቡ በብዙ ቤት የሚሸፈነው ከምንድን ነው? ከእንቁላል ነው። በሬ ቢሸጥ፣ እህል ቢሸጥ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ በአባወራው እጅ ይገባል። የእንቁላሏ ሳንቲም ግን እማወራዋ ማንንም ሳታስፈቅድ የምታዝዝባት ናት። መሬትም ከብትም ለሌላት ባልቴትማ ዶሮ ማለት ባንክ ናት።

የአበሻ ዶሮ ምን ትጠቅማለች፣ የፈረንጅ ዶሮ ይምጣልን የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የአበሻዋ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው፤ የፈረንጅዋ በደንብ ከተያዘች ከ200 በላይ ትጥላለች። ግን የፈረንጅዋ የሚገዛ መኖ ትፈልጋለች፤ አብዛኛውን ጊዜም አታቅፍም። የአበሻዋ ከጓሮ ጓሮ ጭራ፣ ትልና ፍርፋሪ ለቅማ ታድራለች፤ 21 ቀን ታቅፋም ጫጩቶቿን ራሷ ታሳድጋለች። ፈንግል ከገባ ደግሞ ለሁለቱም አይመለስም። ስለዚህ በዝርያ ከመከራከራችን በፊት ያሉንን ከሞት እናድን ነው የምንለው።

ፈንግል በብዛት የሚመጣው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ዶሮዋ ትደበታለች፣ ክንፏ ይወድቃል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ የአንዳንዷም አንገት ይጠመዘዛል። ከያዛት በኋላ ሎሚ ቢያጠጧት ነጭ ሽንኩርት ቢያጎርሷት የሚያድናት መድኃኒት የለም። ማታ ቆጥ ሙሉ የነበረው ቤት በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶውን ይቀራል።

ታዲያ ያኔ አንዳንድ ሰው፣ ሞታ ከምትቀርብኝ ብሎ የታመመችውን በቶሎ ገበያ ያወጣታል። ቸግሮት ነውና አንሰድበውም። ነገር ግን ገዢዋም እኮ እንደሱው ድሃ ናት። ይዛት የገባችው ዶሮ ቤት ያሉትን ትጨርስባታለች። እሷም በተራዋ የተረፉትን ለገበያ ታወጣለች። በሽታው እንዲህ በሰው እጅ ታቅፎ ከመንደር መንደር ይዞራል። የሞተችውን ከአጥር ውጭ መወርወርም ያው ነው፤ ውሻ እየጎተተ ለጎረቤት ያደርሳታል።

ክትባት አለ። ከሩቅ አገር የሚመጣም አይደለም፣ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። በዓይን የሚሰጠው ዓይነት ለአንዲት ዶሮ አንድ ጠብታ ይበቃታል። ችግሩ ሌላ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው፤ ከተበጠበጠም ለነገ አይቀመጥም። አራት ዶሮ ያላት ሴት ለብቻዋ እንዴት ትግዛው? ብትገዛስ፣ የጎረቤቷ ዶሮዎች ካልተከተቡ የነገ ጫጩቶቿን ማን ይጠብቅላታል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

«አሁን ደግሞ ለዶሮ ኮሚቴ ልናቋቁም ነው?» የሚል አይጠፋም። ኮሚቴ አላልንም። የምንለው ይህን ነው፦

1ኛ/ እያንዳንዱ ቤት ያለውን ዶሮ ቆጥሮ በማኅበሩ መዝገብ ያስመዝግብ።

2ኛ/ ክረምት ከመግባቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ አንድ ቀን ተቆርጦ፣ ዶሮዎቹ ጠዋት ከቆጥ ሳይወርዱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራና ሁሉም በአንድ ላይ ይከተቡ። አንድ ጊዜ ተከትበው አይቀርም፤ ባለሙያው በሚያዘው ጊዜ ይደገም።

3ኛ/ ወጪው በዶሮ ቁጥር ይከፈል፤ መክፈል ያቃታቸውን ማኅበሩ ይሸፍንላቸው።

4ኛ/ የታመመ ዶሮ ገበያ አይውጣ፣ ከሌላ ቤትም አይግባ። የሞተው በጥልቅ ይቀበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩን እናነሳዋለን። አባወራዎች ብቻ መጥታችሁ እንዳትወስኑበት፤ የዶሮዋ ባለቤቶች እናቶችና እህቶች ናቸውና እነሱም ይምጡ፣ እነሱም ይናገሩ።