መጽሐፍም እንደ ጓሳ የጋራ ደንብ ያሻዋል

ፊደል መቁጠር የዕውቀት በር መክፈቻ እንጂ ዕውቀት ራሱ አይደለም። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ሲያጣ የተማረውን ቀስ በቀስ ይረሳል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የማንበቢያ ክፍሎች በየገጠሩ እንዲቋቋሙ ያደረገው ሕዝቡ ወደ መሃይምነት ተመልሶ እንዳይወድቅ ነበር።

ይህ ሥጋት ዛሬም አልተወገደም። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለአዲስ አበባ አንባቢ ትልቅ ጸጋ ቢሆንም፣ የሞላሌ ተማሪ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ጎራ ሊልበት አይችልም። ከዚህም በላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተካሄደው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መቆየታቸው ችግሩን አባብሶታል። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቦታ መምህር ሆኖ የሚቀረው መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ደግሞ የጉልበት ሠራተኛው ከቀለብ ተርፎት የሚገዛው ዕቃ አልሆነም።

ታዲያ ሕንፃ እስኪሠራ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ይገባልን? አይገባም እንላለን። የመንዝ ሕዝብ ጥቂት የሆነውን ሀብት ለብዙዎች ማዳረስን ከማንም መማር አያስፈልገውም። የጓሳን ሣር ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ቄሮ የተባለው ነባር ደንብ ነው። ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች አማካይነት ሜዳውን ለተከታታይ ዓመታት ክልክል ያደርግ፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ ለቤት ክዳንና ለግጦሽ በአንድነት ይጠቀም ነበር። ደንብ የሌለው የጋራ ሀብት ባለቤት እንደሌለው ይባክናል፤ በደንብ የተያዘ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። መጽሐፍም እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያው ተግባር ያለውን መቁጠር ነው። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳትመዋል። እርሳቸው ለአገር የሠሩትን ሥራ አንድ ዕድር ለመንደሩ ሊሠራው አይከብደውም። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አቧራ የለበሰው መጽሐፍ ይመዝገብ፤ ባለቤቱ ንብረቱን ሳያጣ ለጎረቤት ያውስ፤ ያበላሸም ይተካ።

ሁለተኛው ተግባር ሕጉን ማወቅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ኅሩይ በ1931 ዓ.ም. በስደት ሳሉ ስለ ሞቱ፣ «ወዳጄ ልቤ»ን የመሰሉ የራሳቸውን ድርሰቶች ማንም በነፃ ሊያባዛ ይችላል። በሕይወት ያለን ደራሲ መጽሐፍ ያለ ፈቃዱ አባዝቶ ማሰራጨት ግን ሠራተኛ የሠራተኛን ላብ መብላት ነው። ድህነት ለዚህ ምክንያት ሊሆን አይችልም። አምስት ቤተሰቦች ዕቁብ ቢጥሉ ወደ አዲስ አበባ በሚወርድ ሰው እጅ ከመርካቶ አሮጌ መጻሕፍት አስመጥተው በተራ ያነቧቸዋል።

ሦስተኛው ተግባር መጽሐፉን ወደ አንባቢው መውሰድ ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1990ዎቹ ማለቂያ በሐዋሳ አህያ በሚስበው ጋሪ ለሕፃናት መጻሕፍትን አዳርሰዋል። በመንዝ ዳገት ጋሪ ባይወጣ እንኳ አህያ ጭነት ይዛ ትወጣለች፤ ወደ ገበያ እህል ስታደርስ የምትውል እንስሳ ስትመለስ አንድ ከረጢት መጽሐፍ ብትይዝ አይከብዳትም። ማንበብ ለማይችሉት አረጋውያን ደግሞ የሚያነብላቸው ይመደብ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ፣ አንድ መጽሐፍ ገዝተው የማያውቁ ሁሉ ባለ መጽሐፍ ሆነው ነበር። አንድ ድምፅ ያለው ወጣት ለአንድ ቀበሌ ያንኑ ሊያደርግ ይችላል።

ይህን ማለታችን ቤተ መጻሕፍት የማቋቋምን ኃላፊነት ከመንግሥት ትከሻ ለማውረድ አይደለም። ይልቁንም መዝገቡን ይዞ፣ አንባቢውን ቆጥሮ፣ የጎደለውን በዝርዝር አቅርቦ የሚጠይቅ ሕዝብ ጥያቄው በቀላሉ ሊገፋ እንደማይችል እናምናለን። ስለዚህ የሞላሌ ዕድሮች፣ የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች በሚቀጥለው ስብሰባቸው የመጽሐፍን ጉዳይ የአጀንዳቸው መጀመሪያ ሊያደርጉት ይገባል። የሚያስፈልገውም አንድ ሣጥን፣ አንድ መዝገብና አንድ የታመነ ሰው ነው።