የጣና ዳርቻ የሕዝብ ስፍራ እንዲሆን

ከተማ ማለት ቤትን ከቤት አጠገብ መደርደር ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ የሚገናኝበት፥ ሽማግሌ በጥላ ሥር ተቀምጦ የሚመክርበት፥ ሕፃን ሳይሰጋ የሚሮጥበት፥ ባለ እጅም ጥበቡን ለሕዝብ የሚያሳይበት የጋራ ስፍራ ሲኖር ነው ከተማው በእውነት ከተማ የሚባለው። አባቶቻችን ይህን ስፍራ በዋርካው ሥር፥ በገበያው መካከልና በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ አበጅተውት ኖረዋል። ዛሬ ከተሞቻችን በፍጥነት ሲሰፉ ይህ የጋራ ስፍራ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ የሹማምንቱ ሁሉ ግዴታ ነው።

ባሕር ዳር ከዚህ ጸጋ እጅግ የተትረፈረፈ የተሰጣት ከተማ ናት። የጣና ሐይቅ በደጃፏ ተዘርግቷል፤ ዓባይም ከሐይቁ ወጥቶ ረጅም ጉዞውን የሚጀምረው በእርሷ አጠገብ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቋቋሙባት፤ በዚያው ዘመን ማክስ ጉተር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የከተማዋን ፕላን አወጣ። ዘንባባ የተሰለፈባቸው ጎዳናዎቿና በብስክሌት የሚመላለሰው ሕዝቧ እንግዳን ሁሉ ደስ ሲያሰኙ ኖረዋል። በ1994 ዓ.ም.ም ዩኔስኮ ለሰላም ከተሞች የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብላለች።

በቅርቡም ብዙ ሥራ ተሠርቷል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፥ ከመኪናው መንገድ ሌላ ለእግረኛና ለብስክሌተኛም መንገድ ተለይቶለታል። የኮሪደር ልማት የተባለውም ሥራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር ደርሷል፤ በሐይቁም ዳር የእግር መንገድና መብራት ተዘርግቷል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ድንጋይ መነጠፉና መብራት መተከሉ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም፤ ስፍራውን የሚያከብረው በላዩ የሚውለው ሕዝብ ነውና። ስለዚህ ሹማምንቱ ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮችን እናመለክታለን።

አንደኛው፥ የሐይቁ ዳርቻ ለሁሉ ክፍት ይሁን። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሐይቅ ሲሆን፥ በከተማዋ ውስጥ ግን በብዙ ስፍራ ከሆቴልና ከመሥሪያ ቤት አጥር ኋላ ተሰውሮ ስለ ኖረ፥ በአጠገቡ የተወለደ ድኻ ውሃውን ለማየት ቡና መግዛት ወይም ዘበኛ መለመን ግድ ይሆንበታል። ይህ ሊሆን አይገባም። ነጋዴው በሕግ የያዘውን ቦታ ይጠቀምበት፤ ነገር ግን ከአጥሩና ከውሃው መካከል ሕዝብ የሚያልፍበት መንገድ ይተውለት። አዲስ የሚሰጥ ቦታም ቢኖር ይህ ግዴታ አስቀድሞ በውሉ ውስጥ ይጻፍ።

ሁለተኛው፥ የቦታው ባለሙያዎች ከቦታው አይራቁ። ነገደ ወይጦ የተባሉት ወገኖቻችን ከጥንት ጀምሮ በጣና ዳር ዓሣ እያጠመዱ፥ ደንገል እያጨዱ ታንኳ እየሠሩ ኖረዋል። ከተማዋ ስትሰፋ ግን ከዳርቻው እየተገፉ ሄዱ። ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ታንኳ የእነርሱ ጥበብ ሆኖ ሳለ፥ ለሠሪው አንዲት የጥላ ቦታ መንፈግ ፍርድ አይደለም። በሐይቁ ዳር ታንኳ ሲሠራ የሚታይበት፥ ስፌት የሚሸጥበት፥ አዝማሪውና የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ከያንያን ለሕዝብ የሚጫወቱበት ስፍራ ቢለይ፥ ባለ ሙያው እንጀራ፥ ቦታውም ሕይወት ያገኛል። ደንገሉም ደለል የሚይዝ፥ ለዓሣና ለወፍ መጠለያ የሆነ ስለ ሆነ፥ ለድንጋይ ንጣፍ ተብሎ አይነቀል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ የተመዘገበ፥ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም እምቦጭ የተባለው አረም ያስጨነቀው ሐይቅ ነውና፥ ሌላ ጉዳት ሊጨመርበት አይገባም።

ሦስተኛው፥ ስፍራው ጠባቂ ይኑረው። ለምረቃው ቀን ያበበው አበባ የሚያጠጣው ሲያጣ በበጋ ይደርቃል፤ የተሰበረውም መቀመጫ የሚጠግነው ሲያጣ ማገዶ ይሆናል። ስለዚህ ማን እንደሚጠብቀው፥ ከየትኛውም በጀት እንደሚጠገን ከምረቃው በፊት ይወሰን። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም፤ በጀልባ ወደ ዘጌ መሻገር ይበቃል። በዘጌ አቡነ በትረ ማርያም ከሠሩት ሥርዓት የተነሣ ምድሩ በበሬ እንዳይታረስ፥ ከብትም እንዳይሰማራበት ተከልክሎ እንደ ኖረ ይነገራል፤ ሕዝቡም በቡናውና በጌሾው ስለሚተዳደር ደኑን እንደ ገንዘቡ ያየዋል። ሥርዓቱ ብቻውን ቢሆን በተጣሰ፥ ጥቅሙም ብቻውን ቢሆን ደኑ ባለቀ ነበር፤ ሁለቱ ስለ ተባበሩ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። እንግዲህ ይህን ጥበብ ጠብቀው ያቆዩ ካህናት ለከተማው ሹማምንት አማካሪ ቢሆኑ፥ ምእመናኑም የጋራውን ስፍራ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ እንዲያከብሩት ቢያስተምሩ፥ ከብዙ ዘበኛ ይልቅ ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ ጋራ ሰላም ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በባሕር ዳርም የሰዓት እላፊ በተወሰነ ጊዜ፥ የምሽቱ የሐይቅ ዳር ሽርሽር መቅረቱ ይታወሳል። ሕዝብ የሚፈራው አደባባይ ምንም ያህል ቢያምር አደባባይ አይሆንም። ስለዚህ ሰላምን ማውረድና ስፍራን ማሳመር የማይነጣጠሉ ሥራዎች መሆናቸውን መሪዎችም ሽማግሌዎችም እንዲያስቡበት ያስፈልጋል።

የሥራው መመዘኛ በምረቃው ቀን የተሰበሰበው እንግዳ ብዛት አይደለም። ከዓመታት በኋላ አንዲት እናት ልጇን ይዛ፥ ገንዘብ ሳትከፍል፥ ሳትሰጋም፥ በጣና ዳር በጥላ ሥር ተቀምጣ ብትገኝ፥ ያን ጊዜ ሥራው ተፈጸመ ለማለት ይቻላል።